የነብሯ መድኃኒት

ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የአርባ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ እናቴ የታጠፈ ወረቀት የሞላበት ሰማያዊ ባልዲ ፊቴ አስቀመጠችና «የልጅ እጅ አያዳላም» አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ እጄ አንዳች ስጦታ ያለው መስሎ ተሰማኝ። መዳፌን በቀሚሴ ጠርጌ ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን የከተማው መጨረሻ ላይ፣ ከድንጋይ ካባው ሥር ነበር። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ በላይ ገደል አለ፤ ገደሉ ውስጥ ነብር ይኖራል። ሲርበው ይወርድና ፍየል ይወስዳል፤ ሰዉም ሲመረው ነብሩን ስለማጥፋት ያወራል። እናቴ የምትሠራበት የዱር እንስሳት ቢሮ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ የፍየል ጋጣዎቹን ከላይ በሽቦ መረብ መክደን። ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማወቅ ግን ሃያ ቤት አሁኑኑ ይከደንለታል፤ ሃያው ዓመት ይጠብቃል። ቀይ ነጥብ ያለበት ወረቀት የደረሰው አሁን ያገኛል። ባዶ የደረሰው ይጠብቃል።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። የቤት ቁጥሯ ሲጠራ ወረቀቶቹን እስከ ታች አገላበጥኩ፤ ጥሩውን ልመርጥላት። ከፈትኩት። አገላብጬ ጀርባውንም አየሁ።

«ባዶ ነው» አልኩ።

«ሲበዛ ነው የማታዳላው ይቺ እጅ» አለች አክስቴ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ስትነሳ ግን ጉንጬን ሳትስመኝ ነው የወጣችው፤ ያ ደግሞ ሆኖ አያውቅም።

እናቴን ሰፈሩ «ጻፊዋ» ይላት ነበር። ማለዳ ተነስታ ቅጿን፣ ሜትሯንና አንድ ከረጢት ጀሶ ይዛ ትወጣለች። የማን ፍየል ጠፋ፣ በስንት ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ ውሻ ጮኾ ነበር ወይ፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። መሬት ላይ ዱካ ካገኘች ጀሶውን በውሃ በጥብጣ ታፈስበትና ሲደርቅ አንስታ ቤት ታመጣዋለች። የመጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ የነብር እግር ይበዛ ነበር። «ያላየሽውን አትጻፊ» ትለኝ ነበር፣ የትምህርት ቤት ድርሰት ስጽፍ እንኳ። አስተማሪዬ ስለ ባሕር ጻፉ ሲለን ባዶ ገጽ ያስረከብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ በያጅ ነበር። አርባውንም የሽቦ ክዳን የሠራው እሱ ነው። ሃያው ተገጠመ፤ ሃያው ጊዜው እስኪደርስ ግቢያችን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔ እንደ መሰላል እወጣበት ነበር። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ልትጠጣ ስትመጣ ወንበሯ ሁልጊዜ ወደዚያ ግድግዳ የዞረ ነው። ወሬ እያወራች ዓይኗ እዚያ ነው። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ዓይኗ እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ «አንዱን ብትሰጪኝ ማን ያያል?» አለች።

«እኔ አያለሁ» አለች እናቴ።

«አንቺማ እህቴ ነሽ።»

«ለዚህ እኮ ነው፣ እትዬ። ላንቺ ሰጥቼ ሥጋ ሻጩን ምን ብዬ አየዋለሁ? እሱም ባዶ ነው የደረሰው። ደግሞ አንዱን ካነካካነው ቁጥሩ ይበላሻል።»

«ቁጥሩ ከሚበላሽ ፍየሌ ትበላ ነው የምትዪኝ?»

እናቴ ተነስታ የተሰበሰበውን ብርጭቆ እንደገና ሰበሰበች። አባቴ ከብየዳው ጋ ሆኖ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና «ከቁርጥራጭ ሌላ ልሥራላት፤ የራሴ ብረት ነው» አለ።

«የራስህም ቢሆን» አለች እናቴ። «ከተከደነ ተከደነ ነው። ብረቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ነብር የለም።»

አክስቴ ከሄደች በኋላ እናቴ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠችም። ግቢውን ጠረገች፤ የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። በሩን ከፍታ ወደ አክስቴ ቤት መንገድ አየች፤ ዘጋችው። እኔ በልጅ አእምሮዬ አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ እናቴ ከእህቷ ይልቅ ቁጥር ትወዳለች።

ዶክተሩ በየሳምንቱ በነጭ መኪና ይመጣ ነበር። ሁሉም ሰው «ዶክተር» ይለዋል። እኔ የማውቀው ዶክተር አንድ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው፣ መርፌ የሚወጋው። ስለዚህ ይሄኛው የነብሩ ሐኪም ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ማንም ተሳስተሻል ያለኝ አልነበረም፣ ማንንም አልጠየቅኩምና። የቆዳ ቦርሳውን አንድ ቀን ተደብቄ አሸተትኩት፤ የመድኃኒት ሽታ ጠብቄ የሙዝ ሽታ አገኘሁ። ላጲስ የተገጠመበት እርሳስ ሰጠኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው። ከእናቴ ይልቅ እሱ ደግ መሰለኝ።

ደግሞም ነብሩ መታመሙ አያጠራጥርም ነበር። አክስቴ «ጤነኛ ሰው የሰው ንብረት አይነካም» ትል የለ? ነብሩ የሰው ፍየል ይነካል፤ እንግዲያው ጤነኛ አይደለም። ዶክተር መጥቶለታል፤ ይታከማል፤ ሲድን ይተዋል። ትላልቆቹ ስለ «ማስረጃ» ሲያወሩ ብቻ ግራ ይገባኝ ነበር። ማስረጃ የማውቀው የአጎቴን የትምህርት ማስረጃ ነው፤ በመስታወት ተደርጎ ሳሎን የተሰቀለውን። ነብሩ ከታከመ በኋላ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው እንዴ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰውየው የሕክምና ዶክተር አልነበረም። የዱር አጥቢ እንስሳትን የሚያጠና ተመራማሪ ነበር፤ ሰውና ነብር አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ አንድ ኮረብታ ሥር እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ነው ሥራው። ይህንን ያወቅኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱና እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ እኔ ከሽቦዎቹ ጀርባ ነበርኩ።

«ሽቦ ካላቸው ሃያ ቤቶች የጠፋው አንድ ፍየል ነው» አለች እናቴ። «እሱም በሩ ተከፍቶ አድሮ። ከሌላቸው አሥራ አራት። ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን? ይቁም ዶክተር።»

«አራት ወር አንድ ወቅት ነው» አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ክረምቱን ካላየን ማን ያምነናል? ሌላ ከተማ ሄጄ ሽቦ ግዙ ብል፣ ምናልባት ነብሩ ያኔ ሌላ ቦታ ይውል ነበር ይሉኛል። እውነታቸውንም ነው። ትንሽ ይታገሡ።»

«የሚታገሡት እኮ እነሱ ናቸው። እኔና እርስዎ ፍየል የለንም።»

«እኔ ሳልወድ ነው የምልዎት።»

«ይቁም ነው የምለው» ደገመች። ወንበሯን ገፍታ ስትነሳ የሻይ ብርጭቆው ወደቀ።

እኔ የሰማሁት ይህንን ነው፦ ደጉ ሐኪም ሕክምናውን ሊቀጥል ይፈልጋል፤ እናቴ ይቁም ትላለች። በእልህ ከሽቦው ላይ ስዘል ጉልበቴ ተላጠ። እናቴ አዮዲን ስትቀባኝ እግሬን ነጠቅኳት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ጠዋት ወተት ላመጣ ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ቦቃ የለችም። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ከእጄ ጨው የምትልስ ፍየል ነበረች፤ ከአክስቴ አምስት ፍየሎች ወተት የምትሰጠው እሷ ብቻ ናት፤ ደግሞም አርግዛ ነበር። ጋጣው ጥግ ላይ የቀረው ገመዷና የአንድ ጆሮዋ ቁራጭ ነው። አንዲት ሴትዮ «ሁለት ሳይሆን አይቀርም በሆዷ የነበረው» አለች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻትና እኔን አየች።

እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። እኔ እህቷን ታቅፋለች ብዬ ጠበቅኩ። አላቀፈቻትም። አጎንብሳ ግድግዳው ሥር ዱካ ፈለገች፤ አገኘች፤ ሜትሯን ዘረጋች።

አክስቴ ከበላይዋ ቆመች። «እንደ እህት ነው ወይስ እንደ ቢሮ የመጣሽው?»

«ዝናብ እየመጣ ነው፣ እትዬ» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ዱካው ከጠፋ ምን እንደነበረ አናውቅም።»

«እኔማ አውቃለሁ ምን እንደነበረ።»

እናቴ ጀሶውን በጠበጠች፤ ፈሰሰባት። እንደገና በጠበጠች፤ እሱም ግማሹ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። እኔ ያየሁት ነጭ የሆነ ጫማዋን ነው። ፊቷን አላየሁም። ያንን ያየችው አክስቴ ናት፤ ስትነግረኝ ግን እኔ ራሴ የልጅ እናት ሆኜ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ አክስቴ ቤት ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሥጋ ሻጩ መጣ። እሱም ሁለት ፍየል ሄዶበታል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ያዝናል። በላስቲክ የተጠቀለለ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቢሮ ቢሮ ስንል ዓመቱ ያልቃል፣ እትዬ» አለ። «መድኃኒቱን አምጥቻለሁ።»

«ይሄ መድኃኒትህ ሰው አይጎዳም?»

«ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ጭንቁ ሌላ ነው። የት እናስቀምጥለት? በየት በየት እንደሚመላለስ ካላወቅን ባክኖ ይቀራል።»

ልቤ ዘለለች። እንግዲህ አክስቴም ለነብሩ አዝናለች ማለት ነው። ቦቃን በልቶባት እንኳ መድኃኒት ልትገዛለት ነው። እናቴ «ይቁም» ያለችውን ሕክምና እነዚህ ሁለቱ ሊቀጥሉት ነው።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ።

ሁለቱም ዞር አሉ። እኔን ረስተውኝ ነበር።

«እማዬ ዱካ ባገኘችበት ሁሉ ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። ከካባው ጀርባ፣ የተበላሸው የድንጋይ መፍጫ አጠገብ ውሃ አለ አይደል? እዚያ ጋ ሰባት ነጥብ አለ። ከሁሉም ቦታ ይበልጣል። ቆጥሬዋለሁ።»

ሥጋ ሻጩ አክስቴን አያት። አክስቴ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡትን እጆቿን አየች። ውጭ የቀሩት አራት ፍየሎች ሲንቆራጠጡ ይሰማል።

«ልጅቷን እዚህ ውስጥ አታስገባት» አለች አክስቴ።

«እኔ ምን አልኩ? ራሷ ናት የተናገረችው።»

ከሄደ በኋላ አክስቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ሚጣ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

«ድንገት እንድትደሰት ነው?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አዎ» አለች። «ድንገት።»

ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ እግሬ ዴስኩን ሲመታ አስተማሪው ሁለት ጊዜ አስነሳኝ። ቤት ስገባ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ነው። እናቴ ቅጾቿን ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ «የታመመ መድኃኒት ከወሰደ በስንት ቀን ይድናል?» አልኳት።

«እንደ በሽታው ነው» አለች፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ። ቀና ብላ ብታየኝ ኖሮ ፊቴ ላይ ታነበው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ አጣለሁ፤ ያኔ ቀና ብትል ኖሮ። ግን በዚያች ሰዓት የምትሞላው የአክስቴን ቤት ቅጽ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የካባው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። ውሻው ሞቶበታል፤ ሌላም ያየው ነገር አለ፤ በአፉ ሊናገረው አልፈለገም። እናቴ ጫማዋን ሳታስር ወጣች። ቅሪ አላለችኝምና ተከተልኳት። አባቴ ከኋላችን መጣ።

ውሻው መንገዱ ላይ አፉ ነጭ አረፋ ደፍቆ ተጋድሟል። ከውሃው ዳር ሦስት ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን እንደ ተጣለ ካፖርት ዘርግተው ወድቀዋል። ነብሩ ደግሞ ከዛገው መፍጫ ሥር ነበር። እኔ በሐሳቤ የበሬ ያህል አድርጌው ነበር። ከዘበኛው ውሻ ብዙም አይበልጥም። ቀጭን ነው። ነጠብጣቡ በጣም ያምራል፤ ጸሐይ ስላረፈበት ሞቅ ያለ ይመስላል። የፊት እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቧል።

«ገና ነው እንዴ?» አልኩ። «መድኃኒቱ ገና አልሠራም?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ መጨረሻ ላይ ዞረች። መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለች።

«የቱ መድኃኒት?»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ወንበሩ እንዳዘነ ሳይቀር። ሰባቱን ቀይ ነጥብ ቆጥሬ እንደነገርኳቸው ስናገር ትንሽ ኩራት ነበረኝ። የእናቴ ፊት ግን ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ሁለት እጆቼን ያዘች።

«ነክተሽዋል? ጠርሙሱን ነክተሻል ወይ?»

«ላስቲኩን ብቻ።»

ወደ ዘበኛው ጎጆ እየጎተተች ወሰደችኝ። አንድ ጀሪካን ውሃ ሙሉውን እጄ ላይ አፈሰሰችው። በልብስ ሳሙና፣ በጥፍሯ፣ እስከ ክርኔ ፈተገችኝ። ቆዳዬ ቀላ። አለቀስኩ። አባቴ «በቃት» ሲላት አልሰማችም፤ ሌላ ጀሪካን አስመጣች። በሰው ፊት የምትቀጣኝ መሰለኝ። ይህን እምነት ዓመታት ሙሉ ተሸክሜው ኖርኩ፤ እናቴ በተቆጣች ቁጥር ክንዴ ይለበልበኝ ነበር። የእናቴ ሐሳብ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፦ ያ ነገር ከላስቲኩ ተርፎ ጣቴ ላይ ቀርቶ፣ ጣቴም አፌ ገብቶ እንደሆነ። ያንን ሌሊት ሙሉ ትንፋሼን ስትቆጥር እንዳደረች የነገረኝ አባቴ ነው።

ዶክተሩ ደርሶ የነብሩን ሆድ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ መዳፉን እዚያው እንዳሳረፈ ቆየ።

«ሴት ናት» አለ። «ታጠባ ነበር።»

የዚያን ዕለት ጸሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ወረቀት ይዛ አክስቴ ቤት ሄደች። በሩ ተዘጋ። እኔና አባቴ ደጁ ላይ ተቀመጥን። የእናቴ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። አትጮኽም። ከፍም ዝቅም ሳይል፣ ትምህርት እንደሚነበብ፣ ረጅም ጊዜ ቀጠለ። ከዚያ አክስቴ አለቀሰች። እናቴ ስትወጣ ዓይኗን ሳትጠርግ ነው የወጣችው፤ ወረቀቱ ግን እጇ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ መሄድ አቆመች። አሰናበቷት ተባለ። እኔ በልቤ፣ አክስቴ ናት ተበቅላ ያስባረረቻት፣ አልኩ። ለብዙ ዓመት አክስቴን ስስማት ጉንጬን ብቻ ነበር የምሰጣት።

ፍርድ ቤት ቀርበው አክስቴና ሥጋ ሻጩ ጥፋተኛ ተባሉ፤ የተበከለውን ውሃ አጥረውና አጽድተው እንዲጠብቁ ተፈረደባቸው። ሙከራው ወዲያው ቆመ። ግድግዳችን ላይ ተደግፈው የነበሩት ሃያ ክዳኖች በሦስት ሳምንት ውስጥ ተገጥመው አለቁ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት፣ ገደሉን ሌላ ነብር ወርሶት እንኳ፣ ከአርባው ቤት የጠፋው ሁለት ፍየል ነው፤ ዶክተሩ ያንን ጽፎ ሌሎች ከተሞችም ጋጣቸውን ከደኑ፤ ነብር ስለ ማጥፋት የሚያወራም ጠፋ። ሽቦው ይሠራል። ይሠራ እንደነበረም እናቴ በአራተኛው ወር ታውቅ ነበር።

ያ ወረቀት ምን እንደነበረ የነገረችኝ አክስቴ ራሷ ናት። ካረጀች በኋላ፣ የላላ ሽቦ እንዳጠብቅላት ጠርታኝ፣ እኔ ፒንሳ ይዤ ጋጣው ላይ፣ እሷ ከታች ሆና።

«እናትሽ ያን ቀን ልትወቅሰኝ አልመጣችም» አለች። «ለቢሮዋ የጻፈችውን ሪፖርት ልታነብልኝ ነው። መጀመሪያው ምን ይላል መሰለሽ? ‹መረጃው የወጣው ከእኔ ቤት ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ› ይላል። ቀጥሎ፣ ‹ሙከራው በአራተኛው ወር መቆም ነበረበት፤ አላስቆምኩትም› ይላል። ከዚያ ነው እኔ የምመጣው።»

«አንቺን ልትተውሽ አትችልም ነበር?»

«ለመንኳት። እሷ ግን ‹እትዬ፣ የሆነውን ከሪፖርቱ አላወጣም፤ ግን ሳታውቂው አላስገባም› አለችኝ። ደግማ አነበበችልኝ። ልክ ነው አልኩ። ፈረምኩ። የኔን ሦስት መስመር ነው የጻፈችው። የራሷን አንድ ገጽ ሙሉ።»

ፒንሳው ከእጄ አምልጦ ፍየሎቹ መሃል ወደቀ። ወርጄ ጉንጬን ሳይሆን ግንባሬን ሰጠኋትና ሁለት እጇን ይዤ ሳምኳቸው።

ወደ ኋላ ልመለስ። ነብሯ ከሞተች በኋላ መርዝ የሚለውን ቃል ተማርኩ፤ ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም፤ ትምህርት ቤት ልጆች ነገሩኝ። ምግብ አልበላ አለኝ። ውሃም ሳይ ያ የካባው ውሃ ይመስለኛል። የቀረበልኝን ሳህን እገፋለሁ። እናቴ ከሥራ ብትሰናበትም ማለዳ ማለዳ ያንኑ ቦርሳ ይዛ ትወጣና ጭቃ ሆና ትመለሳለች። አዲስ ሥራ ያገኘች መስሎኝ ነበር። ሥራ አልነበረም። ገደሉን ጉድጓድ በጉድጓድ እየዞረች የነብሯን ግልገሎች ትፈልግ ነበር፤ ብቻዋን፤ ማንም ሳያዛት።

ነብሯ በሞተች በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣች። «ደብተርሽን ያዢ» አለችኝ።

ከካባው ማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ጭቃ ዳር አቆመችኝ። እዚያ አንዲት ዱካ ነበረች። ትንሽ፤ የተስተካከለች፤ አራት ጣት፣ ጥፍር የሌለባት። ውሻ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ እንደነበር አስተምራኛለች።

«የልጇ ነው?» አልኳት።

እናቴ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። ሜትሯን አውጥታ አስያዘችኝ። «ለኪው።»

«ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል።»

«ጻፊ። ቀኑን አስቀድሚ። ከዚያ ቦታውን። ከዚያ፣ ግልገል፣ አንድ፣ በሕይወት ያለ።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። እርሳሱ ደብተሩን እስኪበሳው ተጭኜ ጻፍኩ። ስንመለስ እጇን ያዝኩ፤ ቤት ገብተን ዳቦ ቆረሰችልኝ፤ ሁለት ቁራሽ በላሁ፤ ሦስተኛ ጠየቅኩ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር።

ካደግኩ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ይሄኛው እውነተኛ ሐኪም፣ የሚጠባ የነብር ግልገል ያለ እናቱ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ እንደማይችል ነገረኝ። ምነው ባልጠየቅኩት ኖሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እንደ እሾህ ሲወጋኝ ከረመ። ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ አልጋዋ ላይ ተከምሮ የነበረውን የታጠበ ልብስ አብረን ስናጥፍ፣ አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያ ዱካ የነብሯ ልጅ ነበር?»

የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ወደኔ መጣች። ጫፎቹን ተቀበልኳት።

«ድመት ነበረች» አለች። «የዘበኛው ድመት። ከዱካው ፈቀቅ ብላ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ አንቺ አላየሻትም።»

«ታዲያ ለምን አስጻፍሽኝ?»

«እህል ከቀመስሽ አራት ቀን ሆኖሽ ነበር» አለች፤ ሌላ አንሶላም አነሳች።